የሬድ ጃኬት የድሮ ምስል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በካርቶን ላይ ተለጥፎ ወይም ፍሬም ውስጥ ገብቶ ስለሚገኘው የሴኔካው መሪ ሬድ ጃኬት ምስል ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምስሉ ላይ ያለው ሰው ማን ነው?

ሬድ ጃኬት ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው፣ የኢሮኳ ኅብረት አባል የሴኔካ ሕዝብ መሪና አንደበተ ርቱዕ ተናጋሪ ነበር። በ1750ዎቹ እንደተወለደ ይገመታል። ያረፈው ጃንዋሪ 20 ቀን 1830 በቡፋሎ ክሪክ ነው፤ ዛሬ የቡፋሎ ከተማ ባለችበት አካባቢ። በገዛ ቋንቋው ስሙ ሳጎየዋታ ይባላል፤ ሰሚዎቹን ነቅተው እንዲቆዩ የሚያደርግ እንደ ማለት ነው። በአማርኛ «እንቅልፍ የሚነሳ» ብንለው ትርጉሙ ወደ ክፉ ይዞርብናል። ግን የሴኔካን መሬት ለመግዛት ለተመላለሱት ነጋዴዎች በእርግጥም እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

«ሬድ ጃኬት» የሚለው መጠሪያ የመጣው በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ነው። ለእንግሊዞች መልእክተኛ ሆኖ ሲያገለግል መኮንኖቹ ጥልፍ ያለበት ቀይ ኮት ሸለሙት፤ እሱም ይለብሰው ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ።

ኢሮኳ የሚባሉትስ እነማን ናቸው?

አንድ ሕዝብ ሳይሆን የሕዝቦች ኅብረት ናቸው፦ ሞሃውክ፣ ኦናይዳ፣ ኦኖንዳጋ፣ ካዩጋ እና ሴኔካ። በ1722 ቱስካሮራዎች ስድስተኛ ሆነው ተጨመሩ። «ኢሮኳ» በፈረንሳዮች በኩል የተስፋፋ የውጭ ስም ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት ሆዴኖሾኒ ብለው ነው፤ የረጅሙ ቤት ሰዎች ማለት ነው። ሴኔካዎች የኅብረቱ ምዕራባዊ በር ጠባቂዎች ይባላሉ።

ምስሉን ማን ሠራው?

ብዙ እጅ አልፎበታል። በ1820ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የሕንዳውያን ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ የነበረው ቶማስ ማኬኒ፣ ወደ ዋሽንግተን ለድርድር የሚመጡ መሪዎችን ምስል ያስል ነበር። ሠዓሊው ቻርልስ በርድ ኪንግ ሲሆን ሬድ ጃኬትን የሳለው በ1828 ነው። ኋላ ሄንሪ ኢንማን የተባለ ሌላ ሠዓሊ ከኪንግ ሥዕሎች በዘይት ቀለም ገለበጠ። ከዚያ ወደ ድንጋይ ተላልፎ፣ በወረቀት ታትሞ፣ በእጅ ቀለም ተቀባ።

ህትመቱ የወጣው ማኬኒ ከጸሐፊው ጄምስ ሆል ጋር ባዘጋጀው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከ1836 እስከ 1844 ድረስ በፊላደልፊያ በ20 ክፍል፣ በ120 ምስል ወጣ። ማኬኒ ራሱ በ1830 ከሹመቱ ተነሥቶ ስለነበር ሥራውን የጨረሰው በግሉ ነው። መሐል ላይ አሳታሚዎቹ በገንዘብ እጦት ተለዋውጠዋል። ይህ መለዋወጥ ዛሬ የእርስዎን ቅጠል፣ ማለትም የታተመውን ወረቀት፣ ዕድሜ ለመለየት ይጠቅማል፤ ከታች እንመለስበታለን።

ታዲያ ሥዕል ነው ወይስ ህትመት?

ህትመት ነው፤ ሊቶግራፍ ይባላል። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይሳላል። ድንጋዩ በውሃ ሲርስ ቀለሙ የሚይዘው ቅባቱ ያለበትን ቦታ ብቻ ስለሆነ ወረቀት ሲጫንበት ምስሉ ይወጣል። እስከዚህ ጥቁርና ነጭ ነው። ሌላው ቀለም አንድ በአንድ በብሩሽ የተቀባ የውሃ ቀለም ነው። ስለዚህ ከአንድ ድንጋይ የወጡ ሁለት ቅጠሎች ቢያስተያዩ የአንዱ ጉንጭ ቀላ ሊል፣ የሌላው ልብስ ጠቆር ሊል ይችላል። «የእኔ ከሙዚየሙ ጋር አይመሳሰልም» ብለው የሚደነግጡ አሉ፤ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሻጩ «ማውንትድ» ብሎ ጽፏል። ምን ማለቱ ነው?

ሁለት ነገር ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቁ አይክፈሉ። የእንግሊዝ ነጋዴዎች «ማውንት» ሲሉ ብዙውን ጊዜ መሐሉ እንደ መስኮት የተቆረጠውን፣ አሜሪካኖች ማት የሚሉትን ካርቶን ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ ምስሉ ከካርቶኑ ጀርባ በትንሽ ወረቀት ተንጠልጥሎ ይቀመጣል እንጂ ራሱ አይለጠፍም። አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉ ጀርባው ሙሉ በሙሉ በሙጫ ወይም በሙቀት ማሽን ካርቶን ላይ ተጣብቋል ማለትም ይሆናል።

ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያው በአምስት ደቂቃ ይለወጣል። ሁለተኛው የወረቀቱን ዕድሜ የሚወስን፣ ዋጋውንም የሚቀንስ ነው። ለሻጩ የሚላከው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ወረቀቱ ከካርቶኑ ተላቆ ይነሣል ወይ? የጀርባውን ፎቶ ይላኩልኝ።»

ኦሪጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይግዙ፤ ከዚህ ሁሉ ወጪ ትንሹ እሱ ነው። ፊቱ ላይ አድርገው ይመልከቱ። በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ክብ ነጥቦች፣ በተለይም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቁር ነጥቦች እንደ አበባ ተሰብስበው ካዩ የማሽን ህትመት ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለግድግዳ ጌጥ ብዙ ወጥቷል። የድንጋይ ህትመት ግን እርሳስ በሻካራ ነገር ላይ ሲሄድ የሚተወውን ዓይነት ሥርዓት የሌለው ፍርፋሪ ያሳያል። በእጅ የተቀባው ቀለምም እዚህም እዚያም ከመስመሩ ያመልጣል፤ ምስሉን ወደ ብርሃን ሰያፍ ቢያዞሩት ጥቁሩ ክፍል ላይ ሙጫ መሰል ጸዳል የሚታይባቸውም አሉ።

ቀጥሎ ከምስሉ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ። ከአሳታሚዎቹ የቢድል ስም ካለበት ከ1836 እና 1837 አካባቢ ነው። የግሪናፍ ከሆነ 1838 አካባቢ፣ የራይስና ክላርክ ከሆነ ደግሞ ከ1840ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቦወን የአታሚው ስም ነው፤ የታዋቂውን የአእዋፍ ሠዓሊ የኦዱቦንን ሥዕሎች በትንሽ መጠን ያተመውም እሱ ነው። ጽሑፉ ጨርሶ ከሌለ ለመለጠፍ ሲባል ዳርቻው ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ያ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ያን ጊዜ የሚፈርደው አጉሊ መነጽሩ ነው።

ትልቅና ትንሽ አለው ይባላል። የእኔ የትኛው ነው?

ሙሉው የትልቁ እትም ቅጠል በግምት 51 በ36 ሴንቲሜትር ነው። ከ1848 ጀምሮ የወጣው ትንሹ እትም ግን 26 በ17 ያህል ነው። ሁለቱም የዘመኑ ናቸው፤ ትንሹ «ቅጂ» አይደለም። ሆኖም ትልቁ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ማቱ ዳርቻውን ሸፍኖት ከሆነ መለካት ያለብዎት ሙሉውን ወረቀት እንጂ በመስኮቱ የሚታየውን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ትልቅ ነገር ምንድን ነው?

እኔ ይህን ምስል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የብር ሜዳይ ነው፤ ሞላላ፣ ከእጅ መዳፍ የማያንስ። ጆርጅ ዋሽንግተን ለሬድ ጃኬት የሰጠው በ1792 ነው፤ የኢሮኳ መሪዎች በዚያን ጊዜ ዋና ከተማ ወደነበረችው ፊላደልፊያ ለድርድር በመጡ ጊዜ። በአንድ ገጹ ዋሽንግተን በወታደር ልብሱ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ደግሞ የሰላም ጋያ ሲያጨስ ተቀርጿል። መጥረቢያ መሬት ላይ ወድቋል፤ ከኋላ በበሬ የሚያርስ ገበሬ አለ። መልእክቱ ለእኛ አገር ሰው አስተርጓሚ አይፈልግም፦ ጦሩን ጣል፣ ሞፈሩን ያዝ። በሌላው ገጽ ያለው የአሜሪካ ንስር ነው።

ሜዳዩ ከባለቤቱ በኋላ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ከዘመዶቹ እጅ አልፎ በ1851 ለኢላይ ፓርከር ደረሰ። ፓርከር ራሱ ሴኔካ ነው። በ1865፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ፣ የደቡቡ ጦር በአፖማቶክስ እጁን ሲሰጥ የውሉን ጽሑፍ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የገለበጠው የሰሜኑ ጦር አዛዥ የጄኔራል ግራንት ጸሐፊ እሱ ነበር፤ በ1869 ደግሞ ማኬኒ ይመራው የነበረውን የሕንዳውያን ጉዳይ ቢሮ ለመምራት የመጀመሪያው የአገሬው ተወላጅ ሆነ። ፓርከር በ1895 ከሞተ በኋላ ሜዳዩ ተሸጦ ቡፋሎ ወደሚገኘው የታሪክ ማኅበር ገባ፤ ከመቶ ዓመት በላይም እዚያው ቆየ። ሴኔካዎች ጠይቀው በ2021 ተመለሰላቸው፤ አሁን በሳላማንካ የባህል ማዕከላቸው ውስጥ ነው። የተወሰደ ቅርስ ሲመለስ ማየት ምን ስሜት እንዳለው እኛ እናውቀዋለን።

ከምስሉ ሥር «የሴኔካ የጦር አለቃ» ይላል። ጦረኛ ነበር?

መግለጫው ያሳስታል ባይ ነኝ። ዝናው የሸንጎ እንጂ የጦር ሜዳ አልነበረም። እንዲያውም በነጻነት ጦርነቱ ወቅት ስላሳየው ፍርሃት የሚያሙት ብዙ ነበሩ። የሞሃውኩ ጆሴፍ ብራንት «ላም ገዳይ» የሚል ስም አወጣለት። በእኛ ቋንቋ «ገዳይ» የሙገሳ ቃል ነው፤ ላም ከፊቱ ሲቆም ግን ምን ያህል እንደሚያሳፍር አስተርጓሚ አያሻም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ አሜሪካና እንግሊዝ በተዋጉበት በ1812ቱ ጦርነት፣ በስተርጅና ከአሜሪካ ጎን ተሰልፎ ተዋግቷል። ቢሆንም በታሪክ ያስቀመጠው ያ አይደለም። በዘር ከሚወርደው የሃምሳዎቹ አለቆች መደብም አልነበረም፤ ወደ ላይ ያወጣው አንደበቱ ነው።

አንደበቱን ለማየት 1805ን መውሰድ ይበቃል። ጃኮብ ክራም የሚባል ሚሲዮናዊ ቡፋሎ ክሪክ መጥቶ ሃይማኖቱን ሊያስተምር ፈቃድ ጠየቀ። ሬድ ጃኬት ከመሪዎቹ ጋር ከተማከረ በኋላ ተነሥቶ መለሰ። ሃይማኖቱ አንድ ከሆነ፣ መጽሐፉንም ሁላችሁም ማንበብ ከቻላችሁ፣ እናንተ ነጮች ስለ ምን እርስ በርሳችሁ አትስማሙም ሲል ጠየቀው። እናንተ ሃይማኖታችሁን ከአባቶቻችሁ እንደወረሳችሁ እኛም ከአባቶቻችን የወረስነው አለን አለ። መጨረሻ ላይ የሰጠው መልስ ዲፕሎማሲ የሚማሩ ሁሉ ሊያነቡት የሚገባ ነው፦ ጎረቤቶቻችን ለሆኑት ነጮች እየሰበክህ እንደሆነ ሰምተናል፤ ጥቂት እንጠብቅና ስብከትህ እነሱን ደግ ካደረጋቸው፣ ሕንዶችን ማጭበርበርም ከተዉ፣ ያን ጊዜ ደግመን እናስብበታለን። ንግግሩ ሲያልቅ ሴኔካዎቹ እጅ ለመጨበጥ ቀረቡ። ሚሲዮናዊው ግን አልጨብጥም አለ።

ሃይማኖቱ እስከ መጨረሻው ዋጋ አስከፍሎታል። በ1827 ክርስቲያን የሆኑት የሴኔካ አለቆች ከመሪነት አወረዱት። ያን ጊዜ ለአቤቱታ ዋሽንግተን ሄደ፤ ኪንግ የሳለውም በማግሥቱ ዓመት ነው። በኋላ ቦታው ተመልሶለታል። ምስሉን ሲያዩ የሚያዩት እንግዲህ በሥልጣኑ የተደላደለ አለቃ ሳይሆን ወንበሩን ያጣ ወይም ገና ያስመለሰ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ያለ ሽማግሌ ነው። ሲሞት ከፈቃዱ ውጪ በሚሲዮኑ መቃብር ተቀበረ። በ1884 ዐጽሙ ተነሥቶ ቡፋሎ ውስጥ ፎረስት ሎን በተባለው መካነ መቃብር አርፏል።

ከተለጠፈበት ካርቶን ላይ ላላቅቀው?

በገዛ እጅዎ አይሞክሩት። በዩቲዩብ እንፋሎትና የፀጉር ማድረቂያ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ፤ የእጅ ቀለም ለተቀባ ህትመት ሁለቱም መርዝ ናቸው። ቀለሙ የውሃ ቀለም ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ይፈሳል። ሙጫው ከዱቄት የተሠራ ይሁን፣ ከእንስሳ ቆዳ፣ ወይም በሙቀት የሚጣበቅ ዘመናዊ ሽፋን፣ እያንዳንዱ የተለየ ዘዴ ይፈልጋል። ይህን የሚሠራ የወረቀት ጥገና ባለሙያ አለ፤ ዋጋው ከትንሹ እትም ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድመው ያስገምቱ።

ማላቀቅ ሁልጊዜም አያስፈልግም። ካርቶኑን ጎኑ ላይ ይዩት፦ መሐሉ ቡናማ ከሆነ ከእንጨት የተሠራ አሲድ ያለበት ካርቶን ነው፤ ከዓመት ዓመት ምስሉን ያቃጥለዋል። ነጭና ጤነኛ ከሆነ ባለበት ቢተዉት ይሻላል። የሚገርመው የ1830ዎቹ ወረቀት ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሠራ ስለሆነ ከኋላው ከተለጠፈበት፣ በዕድሜ ልጁ ከሚሆን ካርቶን ይልቅ ጠንካራ ነው። የጀርባውን ካርቶን የሚያስለውጡ ከሆነ መጀመሪያ ፎቶ አንሡት። የፍሬም ሠሪ ምልክት፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም ወይም ቀን ካለ የምስሉ የጉዞ ታሪክ እሱ ነው።

ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። የት ልስቀለው?

ነጠብጣቡን የሚያመጣው በአብዛኛው እርጥበት ነው። በላጲስ አይሹት፣ በበረኪናም አይንኩት። ከመታጠቢያ ቤት፣ ከምድጃ በላይና ከውጭ ግድግዳ ያርቁት። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል፣ የደበዘዘም አይመለስም። ፍሬም ሠሪውን አሲድ የሌለው ማትና አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወት ይጠይቁ፤ ምስሉ መስታወቱን እንዳይነካም ያሳስቡ። አዲስ አበባ ለመውሰድ ካሰቡ የደጋው ፀሐይ ከአሜሪካው የባሰ ነው፤ መስታወቱንም ሻንጣ ውስጥ አያስገቡት።

ፊቱ በእርግጥ እሱን ይመስላል?

ማወዳደር ይቻላል። በሕይወት ሳለ ሮበርት ዌር በ1828 ኒው ዮርክ ላይ ስሎታል፤ ጆርጅ ካትሊንም ስሎታል። በሁሉም ያው ሰፊ ግንባርና የተጨነቀ አፍ አለ፤ ሜዳዩም አለ። ስለዚህ ማንነቱ አያጠያይቅም። የእርስዎ ቅጠል ግን ከኪንግ ወደ ኢንማን፣ ከኢንማን ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ቀለም ቀቢ የተሻገረ ነው። በየመሻገሪያው ጥቂት መጨማደድ ሳይለሰልስ አልቀረም።

ወደ መጀመሪያው ሥዕል ተመልሶ ማመሳከር ደግሞ ለአብዛኞቹ የኪንግ ሥዕሎች አይቻልም። መንግሥት ያሰባሰባቸው ምስሎች ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሕንፃ ውስጥ ተሰቅለው ነበር፤ ያ ቀይ ባለ ግንቡ፣ ዛሬ ስንትና ስንት ሐበሻ ቅዳሜና እሁድ ፎቶ የሚነሣበት። በጃንዋሪ 1865 ብርድ ነበርና በሥዕል አዳራሹ የሚሠሩ ሰዎች ምድጃ አስገቡ። ቧንቧውን ጭስ ማውጫ መስሏቸው የሰኩት በግድግዳው ውስጥ ባለ ባዶ ክፍተት ላይ ነበር። እሳቱ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ ሲሄድ ቆይቶ ጃንዋሪ 24 ጣሪያውን በላው። ከኪንግ ሥራ አብዛኛው አለቀ። ለብዙዎቹ መሪዎች ፊት ዛሬ ምስክር ሆነው የቀሩት የኢንማን ግልባጮችና እነዚህ የወረቀት ህትመቶች ናቸው።

በአማርኛ «ቀይ ሕንዶች» ብዬ ብጽፍበት ነውር ነው?

ስንማር የሰማነው ቃል ነው፤ እንግዶች ቤትዎ መጥተው ቢያነቡት ግን ደስ አይላቸውም። የቆዳ ቀለም የሕዝብ ስም አይሆንም፤ ሕንድም ኮሎምበስ የተሳሳተበት አገር ነው። ቀላሉ መፍትሔ በሕዝቡ ስም መጥራት ነው፦ «ሳጎየዋታ (ሬድ ጃኬት)፣ የሴኔካ መሪ»። ሰፋ አድርገው ከጻፉ «የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች» ይበሉ። የመሥሪያ ቤት ስም ወይም የቆየ ጽሑፍ ሲሆን «ሕንዳውያን» መግባቱ አይቀርም፤ እኔም ከላይ አስገብቼዋለሁ።

መሸጥ፣ ማባዛት ወይም መስቀል የሚከለክል ነገር አለ?

በምስሉ ላይ የለም። የቅጂ መብቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ስካን አድርገው ለዘመድ ቢልኩት፣ ቢያትሙትም ይችላሉ። ዘመናዊ ቅጂን «የ1837 ኦሪጅናል» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ተቃጥሎ የሚታይ የማት መስመር፣ የተቆረጠ ዳርቻ ወይም ከጀርባ የተለጠፈ መሆኑን ለገዢ መግለጽም የሻጭ ግዴታ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ምስል የሚገኝበት የሟች ቤት ንብረት ሽያጭ ላይ አንዳንዴ ከጎኑ የኢሮኳ የእንጨት ጭንብል ወይም ከዛጎል ዶቃ የተሠራ ዋምፐም ቀበቶ ይቀመጣል። ጭንብሎቹ ለፈውስ ሥርዓት የሚያገለግሉ ቅዱስ ዕቃዎች ናቸው። የሆዴኖሾኒ ታላቁ ሸንጎ መሸጣቸውንም ለሕዝብ መታየታቸውንም ይቃወማል፤ በሙዚየም ያሉት እንዲመለሱ የሚያስችል የፌዴራል ሕግም ከ1990 ጀምሮ አለ። ምስሉን ይግዙ፤ ጭንብሉን ፎቶም አያንሡት።